የሚደበደበው አዲስ ጀሪካን

ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ በአውቶቡስ ስንሄድ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አዲስ ጀሪካን አቅፎ በድንጋይ ይደበድባል። ምን አጠፋ ብዬ ልቆጣ ስል፣ አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ቀደሙኝ።

«ልጄ፣ ምን አደረገህ?»

«ላስረጀው ነው፣ አባባ። የተጣለ ፕላስቲክ መልሶ መሥራት ሠልጥኛለሁ። ነገ የፋብሪካ ፈተና አለኝ፤ ካለፍኩ እቀጠራለሁ። የተጣለ ዕቃ ይዛችሁ ኑ ብለውናል፤ አዲስ አይቀበሉም።»

«ታዲያ የተጣለ አታነሳም?»

«በአገራችን ማን ይጥላል? በስንጥቁ እህል ያስቀምጡበታል፤ በጎማዳው ዶሮ ታቅፋበታለች።»

«አሮጌውን በአዲሱ ለውጡልኝ አትላቸውም?»

«ብዬ ነበር። ‹አዲሱ ምን ሆኖ ነው?› እያሉ በር ዘጉብኝ።»

«እውነት፣ ምን ሆኖ ነው?»

«እርስዎም? ምንም አልሆነም! ምንም አለመሆኑ እኮ ነው ሥራ የሚያሳጣኝ።»

«እሺ፣ ቢሰበርልህ ምን ትሠራበታለህ?»

«የውኃ መቅጃ።»

«አሁንስ ምንድን ነው?»

«አሁንማ ጀሪካን ነው።»

«በል ድንጋዩን ወዲህ አምጣ፤ አንተ አልቻልክበትም።»

እኔ ሽንብራ የያዝኩበትን ስንጥቅ ጀሪካኔን በእግሬ ወደ ወንበሩ ሥር ገፋ አድርጌ፣ አዲሱ ምን ቢሆን ነው እያልኩ በዓይኔ እመረምረው ጀመር።