ቤት የተሸከመች መኪና እና የዘሃራ ሙክት

በእኛ ጊዜማ መንገደኛ መሆን ወጪ አልነበረውም። ምን ወጪ አለው? እኔ ጎረምሳ ሆኜ ከዚህ ከሐይቅ ባቲ ገበያ ስወርድ፣ ሦስት አህያ እህል ጭኜ፣ ስመለስ ደግሞ ጨው ጭኜ፣ የምይዘው እናቴ የቋጠረችልኝን በሶና አንዲት ቅል ውሃ ብቻ ነበር፣ እና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ካገኘሁት ደጃፍ ቆሜ "ቤቶች! የመሸበት እንግዳ!" እላለሁ፣ ከውስጥ "ቤት የአላህ ነው፣ ግባ!" ይሉኛል፣ ክርስቲያን ከሆኑም "ቤት የእግዜር ነው" ይሉኛል፣ ያው ነው። እግሬን እታጠባለሁ፣ አህዮቼ ገለባ ያገኛሉ፣ እበላለሁ። ከበላሁ በኋላ ነው እንግዲህ "ከወዴት መጣህ? የማን ልጅ ነህ?" የሚሉኝ። ከበላሁ በኋላ! ይቺን ያዙልኝ። እንግዳ ሳይቀምስ አይጠየቅም። ሌባም ይሁን ደመኛም ይሁን፣ እሱን ከዋጠ በኋላ ትደርስበታለህ። ታዲያ ይቺው ደንብ ናት አምና ጉድ የሠራችኝ። ወላሂ ጉድ ነው የሠራችኝ!

ይቺ ከባንኮኒው ኋላ ስኳር የምትመዝነው ዘሃራ የልጅ ልጄ ናት፣ ለማታውቋት ነው። አረብ አገር አምስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ መጣች። የላከችው ብር ለቤታችን ቆርቆሮና ለኔ ዓይን ሕክምና ሄዶ፣ ስትመለስ እጇ ላይ የቀረው ጥቂት ነው። በዚያችው አንድ በግ ገዛች፣ ሙክት፣ እና ፋጉሎ እያበላች፣ ጨው እያላሰች፣ ስድስት ወር አደለበችው። ነጋዴ መጥቶ "አስራ አራት ሺህ ልስጥሽ" ቢላት "ለአረፋ አስራ ስድስት ያወጣልኛል" ብላ መለሰችው። "አባባ" አለችኝ፣ "ይኼን ሸጬ የሱቅ ቤት ቀብድ እከፍላለሁ። ካልሆነልኝ ግን ተመልሼ አረብ አገር እሄዳለሁ፣ ደላላው እየደወለልኝ ነው።" እኔ ደግሞ ይቺ ልጅ ዳግመኛ ከሄደች በሕይወት አላያትም። ዕድሜዬን እያያችሁት ነው። እና ያ ሙክት ለኔም ሙክት ብቻ አልነበረም፣ ገባችሁ?

ታዲያ አንድ ቀን ከአሱር ሶላት ስመለስ፣ ከሐይቁ በኩል ከመሬቴ ጥግ፣ ከግራሯ ሥር፣ አንዲት ትልቅ ነጭ መኪና ቆማለች። ጠጋ ብል አንዲት ፈረንጅ፣ ፀጉሯ ጥጥ የመሰለ አሮጊት፣ ሜዳ ላይ ብቻዋን በባልዲ ልብስ ታጥባለች! ከመኪናዋ መስተዋት እስከ ግራሯ ገመድ ወጥራ ካልሲ ታሰጣለች። የመኪናዋ በር ክፍት ነው፣ ወደ ውስጥ ባይ ፍራሽ አለ። ድስት አለ። መጥረጊያ አለ። ሽንኩርት በከረጢት ተንጠልጥሏል። "ኢናሊላሂ!" አልኩ። ምን ልበል? በዚያ በክፉው ሰሞን እኛስ ፍራሽና ድስት በጋሪ ጭነን ወጥተን የለ? ፍራሽና ድስትና ባልዲ የጫነ መኪና ምን ማለት እንደሆነ ለኔ ይነገረኛል?

ጎረቤቴን ደብሪቱን ጠራኋት። "ደብሪቱ፣ ነይ እይ፣ ተፈናቃይ መጥቷል!"

"ፈረንጅ ደግሞ ይፈናቀላል እንዴ?" አለችኝ።

"ክፉ ቀን ፈረንጅ አበሻ ይለያል?"

ይኼን ስንባባል ባልየው መጣ። እስጢፋኖስ ገዳሙን ሊያይ ሄዶ ኖሯል፣ ሴት አይገባምና ሚስቱን ትቷት ነው የሄደው፣ ይኼን ኋላ ነው የሰማሁት። ታዲያ ሱሪውን ባየው ሁለቱም ጉልበቱ ላይ ተቀዷል! ሽማግሌ ሰው፣ የተከበረ ጢም ያለው ሰው፣ ጉልበቱ እየታየ! ደብሪቱ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ የለበሰችውን ነጠላ አወለቀችና ሴትየዋ ትከሻ ላይ ጣለችላት። ሴትየዋም ደስ ብሏት በስልኳ ፎቶ ተነሳችበት። "አየሽ" አልኳት ደብሪቱን፣ "ልብስ ካየች ቆይታለች።"

ዘሃራ ደረሰች። ማዳሟ ቤት እንግሊዝኛ ለምዳለችና "አባባ፣ ቆይ ልጠይቃቸው" አለች።

"ዝም በይ!" አልኳት። "ሳይቀምሱ?"

"ምን ሆነው እንደመጡ ብቻ..."

"አንቺ፣ አረብ አገር ደንብሽንም ቀማሽ? ሰው በባዶ ሆዱ መከራውን አይነግርም፣ ያፍራል። ሂጂ፣ ገበያ ወጥተሽ ሽንኩርትና ዘይት ይዘሽ ነይ።"

ሄደች። ዶሮ የማርድ መስሏት ነው የሄደችው። እኔም ዶሮውን አየሁት፣ ዶሮውም አየኝ። ለሁለት ሽማግሌ ተፈናቃይ ዶሮ ይታረዳል? ጎረቤቱስ ተሰብስቦ ምን ሊበላ ነው? እውነቱን ልንገራችሁ፣ አሁን አልዋሽም፣ ኩራትም ነበረበት። "እንድሪስ ቤት ሄደን ዶሮ በላን" ተብሎ በውጫሌ በአምባሰል ሲወራ ታየኝ። እና "አላህ ይተካል" አልኩና ቢስሚላህ ብዬ ሙክቱን ጣልኩት። የዘሃራን ሙክት!

ዘሃራ ስትመለስ ቆዳው አጥሩ ላይ ነው። ቆማ አየችው። አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም። ተቀመጠችና ሽንኩርቱን መላጥ ጀመረች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር፣ ወላሂ!

ታዲያ እንግዶቹ በሉ። ደብሪቱ የኛን ሥጋ አትበላምና የራሷን ሽሮ አምጥታ አጠገባቸው ተቀመጠች፣ እነሱ ግን ጥብሱንም ሽሮውንም አልማሩትም። ባልየው አጥንት ሲግጥ "ምስኪን፣ ምን ያህል ቀን ቢርበው ነው!" ተባባልን። እጃቸውን ታጠቡ። አሁን ይጠየቃል። "በይ ዘሃራ፣ በለስላሳው ጠይቂያቸው። ቤታቸውን ማን ወሰደባቸው? አብሽሩ በያቸው፣ እኛም ደርሶብናል በያቸው።"

ጠየቀች። እርስ በርስ ተያዩ። ሳቁ! ሴትየዋ ረጅም ነገር ተናገረች፣ የዘሃራ ፊት ደግሞ እየተለወጠ ሄደ።

"አባባ" አለች፣ "ቤት አላቸው።"

"አልሃምዱሊላህ! የት?"

"አገራቸው። ባለ ሁለት ፎቅ ነው። አከራይተውት ነው የመጡት።"

"ታዲያ ምን ሆነው መኪና ውስጥ ያድራሉ?"

"ለመዝናናት።"

"ለምን?"

"ለመዝናናት አባባ! ጡረታ ወጥተው አገር እየዞሩ ነው። ሆቴል ከማደር ይኼ ይረክሳል ይላሉ። ቆጣቢ ነን ነው የሚሉት።"

ሱሪው አለ ገና! "ሱሪውስ?" አልኳት። "ሱሪው እንዲያ ተቀዶ ነው የሚሸጠው" አትለኝም? ገንዘብ ከፍሎ! ቀዳዳ ገዝቶ! ደብሪቱ "በስመ አብ!" ብላ አማተበች። ከዚያ ቀስ ብላ በጆሮዬ "ነጠላዬን እንዴት ብዬ ልቀበላት?" አለችኝ።

ሴትየዋ ታዲያ ቁጠባዋን ልታሳየን ደብተር አወጣች። የየቀኑን ወጪ ሁሉ ትጽፋለች። ዘሃራ ታስተረጉማለች፣ "ይኼ ናፍጣ። ይኼ ለማብሰያው ጋዝ። ይኼ ለሚያድሩበት ቦታ የከፈሉት።"

"ለቦታ? መሬት ላይ ለመቆም?"

"አዎ። ይኼ የሚበላ። ይኼ ደግሞ የመኪናዋ መድን።"

"ዛሬ እኮ ቆማ ነው የዋለችው!"

"ቆማም ይከፈልባታል።"

"ስትተኛም?"

"ስትተኛም።"

አያችሁ ጉድ? የኔ አህያ ስትቆም ገለባ ትበላለች፣ ገለባውም የሰው ነው፣ ይቺ ቆማ ብር ትበላለች! "ይኼኛውስ?" አልኳት። "ይኼ ለጎማ ነው። ጎማው ሲያልቅ እንዳይደነግጡ በየቀኑ ትንሽ ያስቀምጣሉ።" ጎማው ገና አዲስ ነው እኮ፣ የላስቲኩ ፀጉር እንኳ አልረገፈም! ሰውየው ሳይሞት ሰደቃውን ማውጣት ነው ይኼ።

"በይ ድምሩን ንገሪኝ።"

"በእኛ ብር አስራ አራት ሺህ ይመጣል።"

"በወር?"

"በቀን።"

"በወር ነው፣ ደግመሽ ጠይቂያት።"

"ጠይቄያታለሁ፣ በቀን ነው አባባ!"

ያ ረቢ! ነጋዴው ለሙክቱ የሰጠው ዋጋ! በቀን አንድ ሙክት! ሲነጋ አንድ ሙክት፣ ሲነጋ አንድ ሙክት፣ እና "ቆጣቢ ነን"! እኔ ደግሞ ስድስት ወር የደለበውን አንድያውን፣ ልጄን አገሯ የሚያስቀርልኝን፣ ለእነዚህ ተፈናቃዮች አረድኩላቸው! ድንጋዩ ላይ ቁጭ አልኩ። የዘሃራን ዓይን ማየት አቃተኝ።

አላለቀም። ሴትየዋ ገጹን ገልጣ የዚያን ቀኑን አሳየችኝ፣ እየሳቀች፣ ሕፃን ልጅ ይመስል ደስ ብሏት። ናፍጣ፣ ባዶ። ቦታ፣ ባዶ። የሚበላ፣ ባዶ። ዘሃራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "አገራችንን ለቀን ከወጣን እንደ ዛሬ ርካሽ ቀን አላገኘንም ትላለች" አለችኝ። ባዶ! ሙክት ከነኩላሊቱ የተበላበት ቀን ባዶ ተባለ! እዚያ አጥር ላይ ቆዳው እያየን! ሰማይ ቢወድቅብኝ እንደዚያ አልደነግጥም።

ታዲያ በማግስቱ ጠዋት ባልየው፣ የዘሃራን ፊት አይቶ ነው መሰለኝ፣ ቦርሳውን መዘዘ። እኔ ብድግ! "በያቸው" አልኳት፣ "እንግዳ የበላበትን አይከፍልም። ብር ካወጡ ተጣላን።" ይኼው ነው ያልኩት። ዘሃራ ግን ስትነግራቸው ረዘመ፣ ረዘመ፣ ረዘመ። እንግሊዝኛ ረጅም ቋንቋ ነው መሰለኝ። ሴትየዋ አፏን በእጇ ያዘች፣ ዞራ አጥሩ ላይ ያለውን ቆዳ አየች፣ ከዚያ ዘሃራን እቅፍ አደረገቻትና ወደ መኪናዋ ይዛት ገባች። ቤታቸውን ልታሳያት ነው አልኩ። ስትወጣ ደግሞ ያን ደብተር አውጥታ የትናንቱ ገጽ ላይ ጻፈች።

"ምን ጻፈች?" ብላት፣ "የአንቱን ስም ነው አባባ" አለችኝ።

እኔም ደስ አለኝ። ወደ ግሸን በኩል መንገዱን አሳየኋቸው፣ መኪናዋ እዚያ አትወጣም፣ ከታች አቁመው በእግራቸው ይወጡታል፣ መረቅኋቸው፣ ሄዱ። እና ስሙኝ፣ ሳምንት ሳይሞላ ዘሃራ የዚህን ሱቅ ቁልፍ ይዛ መጣች! "ከየት አመጣሽ?" ብላት "እቁብ ወጣልኝ" አለችኝ። አያችሁ አላህ ሲክስ? ሰደቃ አይጠፋም አላልኳችሁም? ብሩን ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ይቺ እቁብ ትወጣላት ነበር? ይኸው ዓመት ሙሉ በየሰርጉ በየሐዘኑ የምናገረው ይኼን ነው። አንቺ ዘሃራ፣ ምን ያስቅሻል?

"አባባ፣ የምን እቁብ? እኔ እቁብ ስጥል አይተውኝ ያውቃሉ?"

እና?

"ያን ጠዋት አንቱ ያሉትን አልሸሸግኩም። 'አያቴ እንግዳ አይከፍልም ይላሉ' ብዬ ነገርኳቸው። ከዚያ የራሴን ጨመርኩ። 'እንግድነታችሁ የእሳቸው ነው፣ ሙክቱ ግን የኔ ነበር' አልኳቸው። ሴትየዋ መኪናዋ ውስጥ የአንድ ቀን ወጪያቸውን ቆጥራ ሰጠችኝ። ቀብዱን በእሱ ነው የከፈልኩት። ደብተሩ ላይ የጻፈችውም እሱን ነው።"

ያ አላህ! ያ አላህ! ሰማችኋት? የእኔ እንግዳ የበላበትን ከፍሎ ሄደ! እኔ ዓመት ሙሉ "አልተቀበልኩም" እያልኩ ደረቴን ስነፋ፣ ይቺ እዚህ ስኳር እየመዘነች ዝም! አንድ ዓመት ሙሉ!

ቆይ። ቆይ እስቲ አንዴ። ታዲያ ያ ቀን ባዶ አልተባለም?

"አልተባለም አባባ። 'አንድ ሙክት' ተብሎ ተጽፏል።"

ስንት ተብሎ?

"አስራ አራት ሺህ።"

አስራ አራት! አስራ ስድስት ያወጣ ነበር እኮ፣ አንቺ ልጅ!