በአንድ ጨርቅ ሥር ሁለት ጠረጴዛ

ፊደል አልቆጠርኩም፤ ዓይኔ ግን ሰው ይቆጥራል። ያን ቀን የምሸጠውን ጥቁር ጨርቅ ተሸክሜ ሜኖናይት ወደሚባሉት ክርስቲያኖች መንደር ስሄድ፣ መገንጠያው ላይ ከእህቴ ልጅ ጋር ተገጣጠምን። ሰባኪ ነው፤ የተማረ። ድምፅ ማጉያውን እንደ ሕፃን ታቅፎታል።

«ይህን ጥሩንባ ይዘህ ወዴት ነው?»

«ቤተ ክርስቲያናችን ልካኝ ነው፣ አክስቴ። ለመንደሩ ሰዎች ወንጌል ላደርስ።»

«ለቀባሪ አረዱት አሉ! ለክርስቶስ ብለው መሣሪያ የማይነኩ፣ አንዱ የሌላውን እግር የሚያጥቡ ሰዎች ናቸው። አንተ ምን ልትጨምርላቸው ነው? ጩኸት?»

«የሚያውቁትን ልነግራቸው አይደለም። በር ዘግተው ይኖራሉ፤ ጎረቤት እንዳላቸው ይወቁ ብዬ ነው።»

«በጩኸት የተከፈተ በር አላየሁም። እዚሁ ጣለው።»

እያጉረመረመ ቁጥቋጦ ሥር ሸሸገው። ተምሯል ብዬ አልምረውም።

በመንደሩ ውሻ እንኳ አይጮህም። ደንበኛዬ የማኅበራቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ምሳ ላይ ደረስንና አስቀመጡን። ነጭ ጨርቅ በለበሰው ረጅም ገበታ ዙሪያ አንገት ደፍተን ዝም አልን። ጸሎታቸው እንዲህ ነው፤ ድምፅ የለውም። ቀና ስል ቆጠርኩ፦ ሽማግሌው፣ ሕመም ያከሳቸው ሚስታቸው፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው፣ እኛ ሁለት። ስድስት። በገበታው ጫፍ ግን ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ተቀምጣለች። ሰባት።

«ጨው» አለች፣ ቀስ ብላ።

ማንም ዞር አላለም። ማንኪያዎቹ ከሾርባ ወደ አፍ ይመላለሳሉ። «ጨው» አለች ደግማ። ዓይኖች ሁሉ በእሷ ውስጥ አልፈው ግድግዳውን ያያሉ። የእህቴን ልጅ በክርኔ ጎሸም አድርጌ «ታያታለህ?» አልኩት።

«አያታለሁ» አለ፤ ከንፈሩ ደርቋል።

ሴትየዋ ተነስታ ለእህቴ ልጅ ውሃ ቀዳችለት፤ ከእጇ ተቀበለ። ያኔ ማንኪያ ሁሉ ባለበት ቆመ።

«ከእጇ ተቀበለ!» አሉ የሽማግሌው ሚስት በሹክሹክታ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዳ ነህ፣ አታውቅም። ልጃችን ናት። ተጠምቃ ቃል ከገባች በኋላ ከማኅበሩ ውጭ አገባች። ባሏ ሲሞት ተመለሰች፤ ንስሐ ግን እንቢ አለች። እስክትገባ አብረናት አንበላም፣ ከእጇም አንቀበልም።»

«ባሌን ማግባቴ ኃጢአት ነበር ብዬ በሙት ላይ አልዋሽም» አለች ልጅቱ። ለግድግዳው ተናገረች ማለት ይቀላል።

እኔ እንግዳ ነኝ ብዬ አላፍርም፤ የገበታውን ጨርቅ ገለጥኩት። ከሥሩ ሁለት ጠረጴዛ ነው፤ አንድ ትልቅ፣ እሷ ጋ አንድ ትንሽ። በመሃላቸው ጣት የሚያሾልክ ክፍተት። አብረዋት አይበሉም፤ አብረው የሚበሉ ለመምሰል ግን ጨርቁን አንድ አድርገዋል።

«ሥርዓቱ ከፍቅር ነው፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው ለእህቴ ልጅ። «የምንለያት እንድትመለስ ነው።»

«ተመልሳለች እኮ፣ አባቴ። በቁሟ መቃብር አለማመዷት እንጂ።»

«አንዱን ክር ከሳብክ ልብሱ ሁሉ ይተረተራል።»

«እግር ትተጣጠባላችሁ አይደል? ጌታ በዚያች ምሽት የይሁዳን እግር ዘለለው?»

ሽማግሌው ማንኪያቸውን አኖሩ። «አልዘለለም።»

«ይሁዳ ሊሸጠው ነበር። እሷ የሸጠችው ማንን ነው?»

እኔም አላስቻለኝም። «ከእኔ ከባዳዋ እጅ ጨርቅ ይቀበላሉ፤ ከአብራክዎ ክፋይ ውሃ አይቀበሉም። ጉድ እኮ ነው!»

«ሥርዓት ነው፣ እትዬ» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሳስቷል።

ያኔ እናትየዋ ተናገሩ። «ስሞት በድኔን የምታጥበው ማን ናት? እሷው አይደለችም? በድን ሆኜ የምቀበለውን እጅ ነፍሴ ሳለች ለምን እከለከላለሁ?»

ሽማግሌው ተነሱ። ትንሹን ጠረጴዛ ገፉት፤ እንጨት ከእንጨት ሲገጥም ቤቱ አቃሰተ። ከዚያ ከትልቁ ገበታ ጨው አነሱና በልጅቱ መዳፍ ላይ አኖሩ።

«ጨው ብለሽ ነበር» አሉ።

ለካ ይሰሟት ኖሯል! ለካ ሁልጊዜ ይሰሟት ኖሯል!

ከዚያ ወዲህ የመንደሩ ሰዎች በጉዳዩ ተመካከሩ። ሥርዓታቸውን አልጣሉም፤ የጥፋተኛ ወንበር ግን ከገበታ አይርቅም ተባለ። ሌሎች የተለዩ ልጆችም ወላጆቻቸውን ሊጠይቁ መጡ፤ እናትየዋም ነፍሳቸው ሳለች፣ በየማታው በልጃቸው እጅ ታጥበው ይተኛሉ። የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ አብረዋቸው ዝም ብሎ መቀመጥ ተማሩ፤ ለእኛ ይህ ቀላል አይደለም። «ለቀባሪ አረዱት» ያልኩትንም መለስኩ። ቀባሪም በሕይወት ያለ ሰው ሊቀብር ይችላልና፣ የሚነግረው ያስፈልገዋል።

ጨርቁ ላይ ግን ክፍተቱ የነበረበት መስመር እስከ ዛሬ ይታያል። ስንቴ ታጥቦ አልለቀቀም።

እናንተ ዘመድ አኩርፋችሁ «ለእኔ ሞቷል» የምትሉ፣ የገበታችሁን ጨርቅ እስቲ ግለጡት። ከወዲያኛው ጫፍ ሰው ተቀምጦ ጨው እየጠየቀ ይሆናል። አልሰማንም አትበሉኝ፤ ትሰማላችሁ።