ዋንጫውን የተቀበለ ሰው

— ሄሎ... አቤት... አዎ፣ የመካነ ሰላም ባድሜንተን ኮሚቴ ነው። ጸሐፊው መሐሙድ ነኝ። ማን ልበል?... ኧረ ጋሽ ይሄነው! ከደሴ ነው? ደህና ነዎት ወይ? ቤተሰቡ፣ ልጆቹ?... አልሐምዱሊላህ፣ እኛ ደህና ነን። ብርዱ ያው እንደ ፈረደብን ነው።

— (ወደ ክፍሉ ዞሮ) ጋሽ ንጉሡ፣ የደሴው ባድሜንተን ማኅበር ሰብሳቢ ናቸው! ኧረ ቁጭ ይበሉ፣ በስልክ እኮ ነው!

— አይ፣ ሊቀ መንበራችን አጠገቤ ናቸው። ስምዎን ሲሰሙ ተነሥተው ቆሙ... ሰላም ይሉዎታል።

— ምኑን?... የውድድሩን ታሪክ? ከነሻምፒዮኖቹ? አሁን፣ በስልክ?... ኧረ አብሽሩ ጋሼ! ሰባቱንም ቃለ ጉባኤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እንደ ፋቲሓ በቃሌ ነው የማውቀው። ወረቀት ይዘዋል?

— ይጻፉ እንግዲህ። «የመካነ ሰላም ዓለም አቀፍ የባድሜንተን ውድድር»... አዎ፣ ዓለም አቀፍ... እንዴት ማለትዎ ነው? በመጀመሪያው ዓመት መንገዱን ይሠራ የነበረው ቻይናዊ መሐንዲስ ተወዳድሯል፣ ሚስተር ዣው የሚባል። ሁለት አገር ከተገናኘ ዓለም አቀፍ ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

— የመጀመሪያው ሻምፒዮን እሱ ነው። ሃያ አንድ ለሃያ... በሁለት ነጥብ መበለጥ አለበት? እንዲያ ነው እንዴ ሕጉ?... እኛ ዘንድ በአንድም ይበቃል።

— (ወደ ክፍሉ) በዛች፣ ስልክ ላይ ነኝ፤ መረቡን ስፊ!

— ምንም አይደል ጋሼ፣ የጽዳት ሠራተኛችን ናት፣ የተቀደደ መረብ እየሰፋች ነው... አዎ፣ «ሃያ ለአሥራ አንድ ነበር» ነው ያለችው... እሱማ እውነቷን ነው። ሰውየው ሃያ ለአሥራ አንድ እየተመራ ነበር። አንድ ነጥብ ሲቀር ጋሽ ንጉሡ ተነሡና «መንገድ የከፈተልንን እንግዳ አሸንፈን ልንሸኘው ነው? ነውር አይደለም ወይ?» አሉ። ሽማግሌዎቹም «ነውር ነው» አሉ። ተጋጣሚው አሥሩንም ነጥብ አከታትላ ለቀቀችለት... ለእንግዳ ነዋ! እርስዎ ቤትዎ የመጣ እንግዳ ጾሙን ያድራል?

— ደስ አለው ወይ? ምን ደስ ይለዋል፣ ተቆጣ እንጂ! ዋንጫውን መኪናው ኋላ ወረወረውና ራኬቱን ለተጋጣሚው ሰጥቶ ሄደ። የሰው አገር ሰው ነው፣ ሲያከብሩት አያውቅም ብለን አለፍነው።

— ሁለተኛው ዓመት... ሻምፒዮን፣ አቶ ንጉሡ... አዎ፣ ሊቀ መንበራችን። ሦስተኛውም እሳቸው ናቸው... ዕድሜያቸው? ስድሳን ገፋ አድርገዋል... እንዴታ! ጠንካራ ናቸው።

— ሦስተኛው ዓመት ላይ ማን ከውጭ መጣ? ሳዑዲ ዓረቢያ ነበረች... ወላሂ ስልዎት! ፈርሂያ የምትባል ልጅ ከጅዳ ተመልሳ ነበር፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜው ስላላለፈ ሳዑዲን ወክላ ገባች። በሚቀጥለው ዓመት ፈቃዱ አለቀ፣ የሳዑዲ ቡድንም ከውድድሩ ራሱን አገለለ።

— አራተኛው... አራተኛው የኮሮና ጊዜ ነው። ተካሂዷል... ርቀታችንን ጠብቀን ነዋ... እንዴት ብለን? አንድ ተወዳዳሪ ብቻ ነው ያስገባነው። አቶ ንጉሡ... ጋሼ፣ በዓመቱ ዕቅድ ላይ ነበረ፤ «አልተካሄደም» ብለን ሪፖርት እንላክልዎ? እርስዎ ራስዎ «መቶ በመቶ ተከናውኗል» ብለው የምስጋና ደብዳቤ ጽፈውልናል እኮ። ግድግዳው ላይ ሰቅለነዋል።

— እሺ፣ እንለፈው። አምስተኛው፣ እ... መሐሙድ... አዎ፣ እኔው... አመሰግናለሁ። ስድስተኛውና የዘንድሮው እንደገና አቶ ንጉሡ።

— ሜዳው? ሜዳስ የለንም፤ አውድማ ነው። ጋሽ ያለው የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ። በየዓመቱ ኅዳር ላይ አውድማቸውን በእበት ለቅልቀው ሲያደርቁት፣ እህሉ ከመግባቱ በፊት አንድ ቀን ይለቁልናል... በነጻ ነው። በዙሪያው ያለው ገበሬ ምርቱን ሊያዘራ ንፋስ ይለምናል፤ እኛ ደግሞ ላባዋ ኳስ ጎረቤት ወረዳ ወግዲ እንዳትገባብን ንፋሱ ይቅር እያልን እንለምናለን። አላህ ሁለታችንንም እየሰማ ግማሽ ግማሽ ይልካል።

— በቃ ይሄው ነው ታሪኩ። ለመጽሔት ነው?... አይደለም?... ሄሎ? ይቆራረጣል... አሁን ይሰማል፣ ይቀጥሉ።

— እንግዶች... ቅዳሜ፣ ደሴ... ከናይሮቢ ክለብ አሠልጣኝና ተጫዋች... እሺ... ብዙ ጊዜ ያሸነፈው የኛ ሻምፒዮን ከተጫዋቹ ጋር... ይጋጠማል?... ከወደዱት ደግሞ ናይሮቢ ወስደው... ስድስት ወር ሥልጠና... ሙሉ ወጪውን ችለው?

— ጋሼ፣ አንዴ ይጠብቁኝ።

— (ቀስ ብሎ) ጋሽ ንጉሡ! ቅዳሜ ደሴ ይጫወታሉ... ባድሜንተን ነዋ! አምስት ጊዜ ሻምፒዮን አይደሉ?... ጉልበትዎን? ለዋንጫ ሲነሡ አሞዎት ያውቃል?... የት ነው የሚሄዱት?... ወግዲ ለቅሶ? ማን ሞቶ?... ሲደርሱ ይነግሩዎታል? ጋሽ ንጉሡ! ጋሽ ንጉሡ፣ ባርኔጣዎ!

— ሄሎ ጋሼ... እ... አቶ ንጉሡ ድንገት መርዶ መጥቶባቸው ወጡ... ማንነቱ ገና አልተጣራም።

— እኔ?... አዎ፣ የአምስተኛው ዓመት ሻምፒዮን ነኝ ብያለሁ... አይ ጋሼ... እኔማ... ያን ዓመት ጋሽ ንጉሡ ሠርግ ተጠርተው ዋንጫውን እኔ ተቀበልኩ... ተቀበልኩ ነው ያልኩት። አሸነፍኩ አላልኩም።

— ልዩነቱማ... አለው። እኛ ቃለ ጉባኤ ላይ ዋንጫውን የተቀበለውን ሰው ነው ሻምፒዮን ብለን የምንጽፈው። አሠራራችን ነው። ዋንጫ ደግሞ የሚቀበለው የኮሚቴው ተወካይ ነው...

— ኧረ አይቆጡ... ጋሼ፣ ይስሙኝ... እርስዎም ለማኅበሩ «ዓለም አቀፍ» የሚለው ደስ ብሎዎት... እሺ፣ እሺ፣ ጥፋቱ የኔ ነው።

— ለኩታበር?... ቦታውን ለኩታበር ልጆች ሊሰጡት?... አሁኑኑ?... አይዝጉት! ጋሼ አይዝጉት!... ሰው አለን! በአላህ ይሁንብኝ፣ ሰው አለን።

— ያሸነፈችው... ሴት ናት። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን፣ የዘንድሮውን። ሁሉንም እሷ ነች... የኮሮናውን ማንም አላሸነፈም፤ አልተካሄደም፤ ይሰርዙት። የመጀመሪያውንም ሃያ ለአሥራ አንድ ስትመራ «ልቀቂለት» ያልናት እሷን ነው።

— አይ፣ ሩቅ አይደለችም። እዚሁ ናት... አዎ፣ መረብ የምትሰፋው።

— ንፋስ ባለበት ውጭ ባድሜንተን አይቻልም?... እንዲያ የሚል ሰው እሷን አላየማ! እህል ስታበጥር ነው ያደገችው፤ ንፋሱን ታውቀዋለች። ላባዋን ከመስመር አውጥታ አውድማው ጥግ ወዳለው ገደል ትልካታለች፤ ንፋሱ መልሶ መስመሩ ውስጥ ያስቀምጥላታል። ተጋጣሚዋ ቆሞ ያያል... የት አየኋት? እ... እስከ ምሳ ሰዓት አይቻለሁ።

— ዋንጫውን ለምን አልተቀበለችም? ጋሼ፣ ይሄን ባይጠይቁኝ ደስ ይለኝ ነበር... ጨዋታው እንዳለቀ መረቡ መፈታት አለበት፣ የረገጥነው አውድማ እንደገና መለቅለቅ አለበት። ይሄን የምትሠራው እሷ ናት። እሷ እጇን እበት ውስጥ አግብታ እያለች እኛ ተጨብጭቦልን ወደ ምሳ እንሄዳለን። በየዓመቱ እንዲያ ነው። ማንም በክፋት አላደረገውም... አላሰብነውም፣ በቃ። ቁጭ ብዬ «ሻምፒዮን፣ አቶ ንጉሡ» ብዬ ስጽፍ እጄን እንኳ ቅር አላለው። አሁን ግን አፈርኩ ጋሼ። ወላሂ አፈርኩ።

— የሥራ መደብ? ጽዳት... «የስፖርት ባለሙያ» ብለን እንጻፈው?... አይ፣ ጽዳት ይበሉት። ዛሬ አንድ እውነት ይኑር።

— ስሟ በዛች ነው... በዛች... ማን? የአባቷን ስም... አንዴ ጋሼ።

— (ወደ ክፍሉ) በዛች... የአባትሽ ስም ማን ነበር?

— ሄሎ፣ አለሁ... መርፌውን አስቀምጣ እያየችኝ ነው... ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ስንት ደብዳቤ፣ ስንት ቃለ ጉባኤ ጽፌ የአባቷን ስም አንድ ቀን ጽፌው አላውቅማ... እየሳቀች መሰለኝ... አይ። እየሳቀች አይደለም።

— (ወደ ክፍሉ) ማን አልሽ?... የትኛው ያለው?... ባለ አውድማው?

— አለሁ ጋሼ። አልተቋረጠም። ይጻፉ፤ በዛች ያለው... አዎ፣ ያው ያለው። አውድማቸውን በነጻ የሚለቁልን ሰውዬ። በየዓመቱ የለቀለቁትን አበላሽተንባቸው እንሄዳለን፤ ከልጃቸው ጋር እንደገና ይለቀልቁታል። አንድ ቀን እንኳ ለምሳው አልጠራናቸውም። ልጃቸው መሆኗንም አሁን ካፏ ሰማሁ።

— (ወደ ክፍሉ) በዛች፣ ዓርብ በሚኒባስ በአቀስታ በኩል ደሴ ትገቢያለሽ፣ ቅዳሜ ትጫወቻለሽ... እንዴት አልሄድም?

— ጋሼ፣ አልችልም ትላለች... ቅዳሜ የአባቷ እህል ይበራያል። ሽማግሌው ብቻቸውን ናቸው፤ በሬ የሚነዳላቸው፣ ገለባ የሚያነሳላቸው ከእሷ ሌላ የለም... ሌላ ቀን አይሆንም? እንግዶቹ እሑድ ይሄዳሉ... ገባኝ... ለኩታበር? እስቲ አንዴ፣ ይታገሡኝ።

— (ወደ ክፍሉ) ሰው ቢተካስ?... እሱን ለእኔ ተይው... አባትሽ እሺ ይላሉ? ሠራተኛው ሰነፍ ቢሆንም?... በጣም ሰነፍ ቢሆንም?

— ጋሼ፣ ስሟን ይጻፉት፤ አይሰርዙት። ትመጣለች። አውድማው ላይ ሻምፒዮኖቹ ይቆማሉ... እኔና ጋሽ ንጉሡ ነን እንጂ ሌላ ማን አለ? ስድስት ዋንጫ በሬ ሲነዳ ይውላል... ለቅሷቸው? ወግዲ ማንም አልሞተም ጋሼ። ባርኔጣቸው እኔ ጋ ነው፣ ብርዱ ራሱ ይመልሳቸዋል።

— እሺ... ራኬትማ አላት፤ የመሐንዲሱን። ማስቀመጫዋን ብቻ ነው የማላውቀው... እሱንም እጠይቃታለሁ። ዛሬ የማልጠይቃት ነገር አይኖርም።

— ያ ታሪክ? ከላይ ጀምረው ያስተካክሉት... «ዓለም አቀፍ» የሚለውን ግን ይተዉልን። ቅዳሜ እውነት ሊሆን ነው።

— አሜን፣ አሜን፣ ደህና ይዋሉ... ሊዘጉት ሲሉ፣ አንዴ ብቻ...

— (ወደ ክፍሉ) በዛች፣ ገለባ ማንሻው መንሽ... በየትኛው በኩል ነው የሚያዘው?

— ሰሙ ጋሼ? ሳቀች። አሁንስ በእርግጥ ሳቀች... በቃ፣ ይዝጉት።