ወጡ ሳይወርድ

ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ ሰፈር፤ ቀዳም ስዑር ከሰዓት በኋላ፤ ወይዘሮ አስካለ ኩሽና ውስጥ የፋሲካን ዶሮ ወጥ ያማስላሉ፤ ልጃቸው ውዳላት የታሰረ ወንድሟን የብስራትን ላፕቶፕ ጭኗ ላይ ከፍታ ተቀምጣለች።

አስካለ፦ ፖሊሶች ቤት ለቤት እየዞሩ ኮምፒዩተር እየለቀሙ ነው አሉ።

ውዳላት፦ ማን አለ?

አስካለ፦ ጎረቤታችን ዘሃራ ናት የነገረችኝ። ለሷ ደግሞ ወፍጮ ቤት ነው የነገሯት። ትናንት ከዚራ ሰፈር ነበሩ አሉ። ዛሬ ወደኛ ነው አሉ።

ውዳላት፦ ጠዋት ስትነግሪኝ ስልክ ብቻ ነበር የሚለቅሙት። ሽንኩርት ስንልጥ ላፕቶፕ ተጨመረበት። ወጡ እስኪወርድ ቴሌቪዥኑንም አስታቅፈን ልንሸኛቸው ነው?

አስካለ፦ ቀልጂ አንቺ። ወንድምሽ ታስሮ ትቀልጃለሽ።

ውዳላት፦ ካልቀለድኩ እደነግጣለሁ፣ እማዬ። ስደነግጥ ደግሞ የማይነካውን እነካለሁ።

አስካለ፦ ድምፅሽን ቀንሺ! ግድግዳው ቆርቆሮ ነው።

ውዳላት፦ እሺ፣ ቀነስኩ። ልጀምር? ሙሉውን ነው የምጠርገው።

አስካለ፦ የአባትሽ ድምፅስ? ሳይሞት ወንድምሽ የቀዳው፣ የወጥ አሠራሩ?

ውዳላት፦ እሱም እዚሁ ውስጥ ነው፣ ስክሪኑ ፊት ላይ የተቀመጠው።

አስካለ፦ ወጡ እኮ ገና ነው! በርበሬው አሁን መግባቱ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን እሱ ነው የሚነግረኝ።

ውዳላት፦ ዕድሜሽን ሙሉ አብረሽው ኖረሽ እንዴት አታውቂውም?

አስካለ፦ መቼ አስጠግቶኝ! የባቡር ወጥ ቤት ሹም! በበዓል ቀን ድስቱ የሱ ነው፤ እኔ ሽንኩርት ልጬ፣ አልቅሼ እወጣለሁ። ሰፈሩ «የአስካለ ባል ወጥ ይሠራል» ብሎ ይስቅ ነበር። እሱ አንዳንድ ሳህን ይልክላቸዋል፣ ከዚያ ማንም አይስቅም።

ውዳላት፦ እንግዲያው ዛሬ ቅመሽና ገምቺ።

አስካለ፦ በቀዳም ስዑር? ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ፣ ከትናንት ጀምሮ አክፍዬ፣ ዛሬ ምላሴን የዶሮ ወጥ ላስነካው? እግዚአብሔር ልጄን ሊፈታልኝ አስቦ እንደሆነ እንኳ ሐሳቡን ይለውጣል።

ውዳላት፦ በአፍንጫሽ ለዪው።

አስካለ፦ አፍንጫዬን ጢስ ደፍኖታል።

ውዳላት፦ እሱማ ያቃጠልሽው ደብተር ነው። ምድጃው ውስጥ የከተትሽው የዘጠነኛ ክፍል ሒሳቡን ነው፣ አይቼሻለሁ። ኤክስ ስንት እንደሆነ እንዳይደርሱበት ነው?

አስካለ፦ በእጁ የጻፈው ነው። የእጅ ጽሑፍ ያመሳክራሉ አሉ።

ውዳላት፦ የምርጫ ቲሸርቱስ? ወለል ስንወለውልበት ኖረን የማን እንደነበር እንኳ አይነበብም።

አስካለ፦ ሽንት ቤት ጣልኩት። ካላንደሩንም፣ የልደት ካርዶቹንም። ቤቱን ተመልከቺው፣ ማንም ያልኖረበት መስሏል።

ውዳላት፦ ብስራት ደግሞ የገበያውን ግርግር በስልኩ ስለቀረጸ ነው የተወሰደው። ደብተር ማን ጠየቀ?

አስካለ፦ የሚጠየቀውን ማን ያውቃል? አንቺ ታውቂያለሽ?

ውዳላት፦ አላውቅም። ማወቅም አልፈልግም።

አስካለ፦ በፍላሽ ገልብጪልኝ። የአባትሽን ብቻ። ዱቄቱ ውስጥ እቀብረዋለሁ።

ውዳላት፦ ጥሩ። ዱቄት ሲዝቁ ፍላሽ ያገኛሉ። «ይኼ ምንድን ነው?» ይላሉ። «የወጥ አሠራር ነው ጌታዬ» እንላለን። አንቺ ብትሆኚ ታምኚያለሽ?

አስካለ፦ ስልክሽ ላይስ?

ውዳላት፦ ስልክ ያያሉ ያልሽኝ ራስሽ ነሽ።

አስካለ፦ እንግዲያው ሌላውን አጥፊና እሱን ተይው።

ውዳላት፦ የት የት እንዳስቀመጠው ስለማላውቅ፣ ሌላውን ለይቼ ለማጥፋት መክፈት አለብኝ። አልከፍትም። የብስራትን ፎልደር በጣቴ ጫፍ አልነካሁትም። የከፈትኩበት ሰዓት እንኳ ይመዘገባል። ነገ ጠርተው ቢጠይቁኝ «አላየሁም» ብዬ መማል እፈልጋለሁ፣ በእውነት። ሳላይ መለየት አልችልም፣ ሳልለይ ደግሞ ሁሉም ነው የሚሄደው።

አስካለ፦ ውዳላት፣ ስለሱ አንድ ነገር…

ውዳላት፦ አትንገሪኝ!

አስካለ፦ ስሚኝ እንጂ…

ውዳላት፦ አልሰማም። የማላውቀውን ቢገርፉኝም አላወጣም። የማውቀውን ግን፣ እማዬ፣ እኔ ጀግና አይደለሁም። ምላሴ ረጅም ስለሆነ ጀግና እመስላለሁ እንጂ።

አስካለ፦ ሰው ብንጠይቅ ይሻላል። የሚያውቅ።

ውዳላት፦ የሚያውቅ! እኔ ምንድን ነኝ? ኢንተርኔት ቤት ወለል እየጠረግኩ፣ ከደንበኛ ጀርባ ቆሜ ዓይኔን ተክዬ ነው የተማርኩት። ዲግሪ ያለው ሁሉ ኮምፒዩተሩ ሲቆምበት «ውዱዬ» እያለ ይመጣ የለም እንዴ? እኔ አውቃለሁ ካልኩ አውቃለሁ።

አስካለ፦ አትቆጪ። ፈርቼ ነው።

ውዳላት፦ እኔስ? ነይ፣ ተጠጊ። እስከ መጨረሻው አንዴ እናዳምጠዋለን፣ ልብ ብለሽ ያዢው። ከዚያ እጠርገዋለሁ። ተስማማን?

አስካለ፦ ከፍ አታድርጊው። ወይኔ፣ ድምፁ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ስሚው። ሁልጊዜ ትእዛዝ ሊሰጥ ሲል እንዲህ ነው።

ውዳላት፦ ለቅሶውን ነገ። ምን አለ?

አስካለ፦ «ቁሌቱ ሲደርቅ የፈላ ውሃ በማንኪያ፣ በገንቦ አይደለም» አለ። መስደቡ ነው እኔን፣ ገንቦ ያለው።

ውዳላት፦ ቀጥሎስ?

አስካለ፦ «ብልቱ ከገባ በኋላ አትጎርጉሩት። የድስቱን ጆሮ ይዛችሁ አወዛውዙ።» ይኼን ባላውቅ ሥጋውን ፈጭቼው ነበር። ነገ ጣቢያ ይዤለት ስገባ ጥበቃው መጀመሪያ እኔን ያስቀምሰኛል፣ ከዚያ ነው ለብስራት የሚሰጠው። አንድ ጉርሻ ሲቀምስ የአባቱ እጅ መሆኑን እንዲያውቅ ነው የምፈልገው። ቤታችን አለ፣ አልፈረሰም ብሎ እንዲያስብ።

ውዳላት፦ ዝም በይ፣ መከለሻው ጋ ደርሷል። «ኮረሪማውን ከነቅርፊቱ ፍም ላይ…»

አስካለ፦ መኪና ቆመ።

ውዳላት፦ የት?

አስካለ፦ በራችን ላይ! ስሚ፣ የመኪናውን በር ከፈቱ። ሁለት ሰዎች ናቸው። አጥፊው!

ውዳላት፦ ትንሽ ብቻ ነው የቀረው፣ ይጨርስ…

አስካለ፦ አጥፊው ነው የምልሽ! እየጎተቱ ነው፣ አንድ ነገር እየጎተቱ ነው! ውዳላት፣ በአባትሽ አጥንት!

ውዳላት፦ ተጫንኩት። ተጫንኩት፣ በቃ። ሄደ።

አስካለ፦ ወይ አምላኬ። ወይ አምላኬ።

ውዳላት፦ ከቦታሽ አትነሺ። ድስቱን አማስይ። ወጥ የምትሠራ ሴት ሁኚ።

አስካለ፦ ይኸው፣ እያማሰልኩ ነው።

ውዳላት፦ ቆይ። ምንድን ነው እሱ?

አስካለ፦ በግ ነው።

ውዳላት፦ በግ?

አስካለ፦ የጎረቤት በግ። ባጃጅ ላይ ጭነው አምጥተውት ነው። «ባ» እያለ፣ እርጉም!

ውዳላት፦ አሁን እንኳ አትሳቂ፣ እማዬ፣ አንቺ ስትስቂ እኔ አለቅሳለሁ።

አስካለ፦ አቁሚው እንግዲያው። በግ ከሆነ አቁሚው!

ውዳላት፦ አይቆምም። ከተጀመረ የሚመለስ የለም።

አስካለ፦ ኮረሪማው ፍም ላይ… ከዚያስ? ስንት? ከወረደ በኋላ ነው ሳይወርድ?

ውዳላት፦ አልሰማሁም። በሩን ነበር የማዳምጠው።

አስካለ፦ እኔም።

ውዳላት፦ እንደመሰለሽ ጨምሪበት። ብስራት ነው፣ ይበላዋል።

አስካለ፦ ይበላዋል። ግን ያውቃል።

ውዳላት፦ አለቀ። ነይ እይው፣ ባዶ ነው። ከሱቅ እንደወጣ። አሁን የሚመጣው ሁሉ ይምጣ፣ ከብስራት አንዲት ቃል አያገኙበትም። ተንፍሺ።

አስካለ፦ ድሮም አልነበረበትም።

ውዳላት፦ ምን?

አስካለ፦ ልነግርሽ ስል አትንገሪኝ አልሽ። ለማንም እንዳልናገር ደግሞ እሱ በአባቱ አስምሎኛል፤ መሐላዬ አፌን ያዘኝ። አሁን የሚደበቅ ነገር ስላልቀረ ልንገርሽ።

ውዳላት፦ ምኑን ነው የምትነግሪኝ?

አስካለ፦ የወሰዱት ዕለት፣ ከመምጣታቸው በፊት፣ ተቀምጦ ሁሉንም በገዛ እጁ አጥፍቶት ነበር። «እማዬ፣ አትፍሪ» አለኝ፣ «የተውኩላችሁ የአባባን ድምፅ ብቻ ነው።»