በርቀት የተማሩት ሰው

እንደምን አደርሽ ሠርክአዲስ? ልጆችሽሳ? ... ተመስገን ነው። እኔም ደኅና ነኝ። ትናንት ከፈረስ ቤት ወርጄ ደምበጫ ላይ መኪና ስጠብቅ ዋልኩና ማታ ገባሁ። የፍኖተ ሰላም ሙቀት እንዴት ይጥማል። ማንጎው አልደረሰም እንዴ? እኛ ዘንድ ከድንችና ከብርድ ሌላ የሚደርስ ነገር የለም... አገሩ ግን ጥሩ ነው፣ ሰዉም ደግ ነው።

ኃላፊው ገብተዋል? ሥራ ይዘው ከሆነ አትጥሪያቸው። 'ያቺ እማዋይሽ ደግሞ መጣች' ከሚሉ እጠብቃለሁ። የመጣሁት ለዚያችው ለዝውውር ማመልከቻዬ ነው፤ እሷም እንደኔ መጠበቅ ለምዳለች። የቢሯቸውን በር ግን አትዝጊው፣ ትንሽ ነፋስ ይግባበት። እስከዚያ ስለ አንድ የማውቃቸው ትልቅ ሰው ላጫውትሽ። ስማቸው ምን ያደርግልሻል? አታውቂያቸውም።

እኒህ ሰው ትምህርት ነፍሳቸው ነው። ዓለም አቀፍ የሰው ሀብት አስተዳደር ይማራሉ፣ ማስተርሱን፣ በርቀት። ሠራተኛን ካንዱ አገር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚልኩት፣ ልጁን፣ ቤቱን፣ ቤተሰቡን እንዴት እንደሚያስቡለት... እንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ነው። ከጀርመን ጃፓን ለሚላከው ሰው እንዴት እንደሚራሩ ብታዪ። ከፍኖተ ሰላም ፈረስ ቤት የሚላከው መቼም ዓለም አቀፍ አይደለም፣ አይፈረድባቸውም።

ትምህርቱ ታዲያ ፖርትፎሊዮ የሚባል አለው አሉ። ተማሪው በሥራው የገጠመውን ይጽፋል፤ ምን አደረግሁ፣ ምን ተሰማኝ፣ ምን ተማርኩ፣ ከዚያስ ምን ለወጥኩ እያለ። ሌላውን ሰው ይከብደዋል። እሳቸው ግን ስንት ዓመት ግምገማ ላይ ግለ ሂስ ሲያደርጉ የኖሩ ሰው አይደሉም? ግለ ሂስ መቼም ታውቂያለሽ... ሰውየው ይነሣል፣ 'አጥፍቻለሁ' ይላል፣ ድምፁ ትንሽ ሰበር ይላል፣ ሰብሳቢው 'ተቀብለናል' ይላል፣ አለቀ። ያጠፋው ነገር እዚያው እንደጠፋ ይቀመጣል። ፖርትፎሊዮውም እንደዚያ መሰላቸውና ጻፉት። ለምደውታላ።

ባለፈው ወር፣ አንቺ ቢሮ ስትጠብቂ፣ ሠራተኛው በሙሉ ቡሬ ለሥልጠና በተሰበሰበ ጊዜ፣ ምርጥ ተሞክሮ ነው ተብሎ ራሳቸው አነበቡልን። መምህራቸው 'ጥልቅ ምልከታ' ብሎ ከተማሪው ሁሉ አስበልጦ ማርክ ሰጥቷቸዋል። መሥሪያ ቤቱ በቢፒአር እንደ አዲስ ተዋቅሮ ሰው ሲመደብ፣ አንዲት ሠራተኛ ሕፃን ልጅ እንዳላት፣ የልጅቱም ደረት ብርድ እንደማይችል እያወቁ ደጋ መደቧት። 'ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ከዓይኔ ጠፋ' ይላል ጽሑፉ። 'ራሴን በእሷ ቦታ አስቀመጥኩ' ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ እኮ። አዳራሹ በሙሉ ዞሮ እኔን ያያል። ለምን እንደሆነ እንጃ... ስም አልተጠራ። መጨረሻ ላይ 'ስህተቴን አርሜ እናትን ከልጇ አገናኘሁ' ሲሉ ጭብጨባው ቀለጠ። እኔም አጨበጨብኩ። ከኔ በላይ ማን ያጨብጭብ? ሴትዮዋ መመለሷን እኔም ያን ዕለት መስማቴ ነው።

ዋሹ ማለቴ አይደለም። እንዲያ ያለ ሰው ይዋሻል? በመጽሐፋቸው ውስጥ ተልኮ የሄደን ሠራተኛ ስለ መመለስ ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለ አሉ፤ ወደ መጨረሻው ግድም ስለሆነ አልደረሱበት ይሆናል። ደግሞስ በወረቀት መልሰዋታል። ወረቀቱን ሳልከተል ፈረስ ቤት የቀረሁት እኔው ነኝ።

የርቀት ትምህርት የሚሉትም ገና አሁን ነው የገባኝ። እኔ እኮ የሚርቀው ተማሪው ይመስለኝ ነበር። ለካ ተማሪው እዚሁ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ... የሚርቀው ሌላ ሰው ነው። እሳቸው በርቀት ተማሩ፣ እኔ ርቄ አስተማርኩ።

ትናንት ማታ ስገባ ልጄ ያምሮት ከእናቴ ጉያ ብቅ ብላ አየችኝና፣ 'እማ፣ የፈረስ ቤቷ ሴትዮ መጣች' አለች። እማ የምትለው እናቴን ነው። አንጀቴን አቃጠለችኝ ሠርክአዲስ፣ አልደብቅሽም። ያመጣሁላትን ሹራብ እንኳ ከእናቴ እጅ ካልሆነ አልቀበልም አለች። ግን እኔ የተሰማኝን ብጽፈው ማን ማርክ ይሰጠኛል?

ምነው፣ ውስጥ ወንበር ተንቀሳቀሰ ልበል? ... አይ፣ አንቺ አትነሺ። እያጠኑ ይሆናል።

እኒያ የነገርኩሽ ሰው በዚህ ዓመት ሊመረቁ ነው አሉ። ያስተማረ ሰው ሳይመርቅ ይቀራል? እኔም ልመርቃቸው እንጂ። ዕድሜ ከጤና ይስጥልኝ። ልጆቻቸውን ይባርክላቸው፣ ከዓይናቸው አያርቅባቸው። እግዜር የጻፉትን ሁሉ፣ ከጠፋው እንቅልፍ ጀምሮ፣ አንድ መስመር ሳያስቀር እውነት ያድርግላቸው።

አሜን በይ እንጂ ሠርክአዲስ... ድምፅሽን ከፍ አድርጊው።