የጽሕፈቱ ፈተና

በጣሊያን ጊዜ ነው። ሮብ ገበያ አካባቢ ቅኔ ስንማር አንድ ሹም ከአስተርጓሚው ጋር ድንገት መጣና ለሁላችንም ወረቀት አደለን። «ፈትነን ጽሕፈቱ ያማረውን ጸሐፊ እናደርገዋለን» አለ አስተርጓሚው። እኔ በጽሕፈት እንኳ አልታማም፤ ፊደሉን አሳምሬ ገና አንድ መስመር ሳልጨርስ የኔታ ከኋላዬ መጥተው እጄን በመቋሚያቸው መቱኝ፤ ወረቀቴንም ቀዳደዱት። «ይኼ ደግሞ ምን መጻፍ ያውቃል! የኛ ፈተና በቃል ነው» አሉ። በንዴት ጦፍኩ።

ሰዎቹ እንደሄዱ «የኔታ፣ ምነው የእንጀራ ገመዴን በጠሱብኝ?» አልኳቸው።

«ሹሙ ከወረቀታችሁ ጋር ሊያስተያይ የያዘውን ደብዳቤ አላየህም? ባለፈው ለአርበኞቹ የጻፍክላቸው እኮ ነው! ጸሐፊ መች ፈለገ? ያን የጻፈውን እጅ ነው የሚፈልገው።»

ያበጠውን እጄን ዘርግቼ ጣቶቼን ቆጠርኩ፤ አምስቱም አሉ። እስከ ዛሬ ፈታኝ ወረቀት ሲያድል ባየሁ ቁጥር እቆጥራቸዋለሁ።