የአባቷ አረማመድ

ባለቤቴ ባረፈ በመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄን ከትምህርት ቤት ይዤ ስመለስ፣ ከላያችን ባለው ፎቅ የምትኖረውን ወጣት ደረጃው ላይ አገኘናት። ሆስፒታል ውስጥ፣ ከስብራት ያገገመ ሰው መራመድ በሚለማመድበት ክፍል ትሠራለች። ሰላም ብላን ልታልፍ ስትል፣ ልጄ ግራ እግሯን ወደ ጎን እየወረወረች ስትወጣ አየችና ቆመች። እግሯን ምን እንደነካት ጠየቀችኝ። ምንም እንዳልነካት፣ አባቷም እንዲሁ ይራመድ እንደነበር ነገርኳት። እሱንስ ምን ነክቶት ነበር አለችኝ። እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሲሠራ ግንድ ተንሸራቶ ጉልበቱን እንደሰበረው፣ ይህም ከመጋባታችን በፊት እንደሆነ ስነግራት፣ ልጅቷን ሐኪም እንዲያያት አጥብቃ መከረችኝ።

ሐኪሙ በራጅ አይቶ አጥንቷ ጤነኛ ነው አለ። አካሄዷ ካልታረመ ግን ስታድግ ወገቧን እንደሚጎዳት አስጠነቀቀኝና ልምምድ እንድትጀምር አዘዘ።

አማቴ፣ የባለቤቴ አባት፣ አይሆንም አሉ። አብረውን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸውን በአናጢነት የፈጁ ሰው ናቸው፤ እሳቸው እምቢ ያሉትን እኔ አላደርግም። ወጣቷ ይህን ስትሰማ እሑድ ዕለት ወርዳ ከፊታቸው ተቀመጠች።

«ትምህርትሽን አከብራለሁ ልጄ» አሏት። «ይህች ልጅ ግን ቁርጥ አባቷን ናት። ቅንድቧን እዪው፤ ግጥም ያለ ነው። የእኔም፣ የአባቴም እንዲሁ። በደም የመጣን ነገር በልምምድ ልታስለቅቂ ነው?»

«ቅንድቧን ማንም አይነካባትም አባባ። እሱ ከእናንተ የወረደ ነው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ይህን ጎዶሎ ጣትዎን ምን ቆረጠው?»

«መጋዝ። ገና ሳላገባ።»

«ልጅዎ ሲወለድ ጣቱ ጎዶሎ ነበር?»

«ሙሉ ነበር። ጥርስ ግን አልነበረውም፤ እሱንስ ከማን ወረሰው ልትዪኝ ነው?»

ከሐዘኑ ወዲህ ስስቅ ያን ዕለት የመጀመሪያዬ ነበር። ወጣቷም ስቃ ስታበቃ በትዕግሥት አስረዳቻቸው። የዓይን ቀለምና የፊት መልክ በዘር ይተላለፋል፤ መጋዝ የቆረጠውና ግንድ የሰበረው ግን ከባለቤቱ አልፎ ወደ ልጅ አይሄድም አለች። ሰው ምላስ ይዞ ይወለዳል፤ ቋንቋን ግን በቤቱ ሲነገር እየሰማ ነው የሚለምደው።

የአማቴ ፊት ጠቆረ። «ታዲያ ልጄ ነው አንክሺ ብሎ ያስተማራት?»

«ማንም አላስተማራትም። አባቷን ወዳ፣ ኋላ ኋላው እየሄደች ለመደችው። በልምድ የመጣ ስለሆነም በልምድ ይመለሳል።»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ዓይኔ ደክሟል» አሉ። «ኮሪደሩ ላይ ስትመጣ የምሰማው የልጄን ኮቴ ነው። እሱን ቀብሬያለሁ። ኮቴውንም ልቅበር?»

መልሱ የእኔ ነበር፤ እኔም ያንን ኮቴ እየጠበቅሁ ነበር የምውለው።

«አባባ፣ ያ አረማመድ እኮ የሱ አልነበረም» አልኳቸው። «የግንዱ ነው። ጉልበቱን ይዞ ሲያቃስት ስንት ጊዜ አብሬው ነቅቻለሁ፤ ለልጁ የሚመኘው ውርስ አልነበረም። የራሱን አረማመድ እኔ አይቼው አላውቅም። እጁን ይዘው መራመድ ያስተማሩት እርስዎ ነዎት፤ የሚያውቁትም እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አማቴ ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። ትከሻቸውን አቀኑና ከመስኮቱ እስከ በሩ ረጋ ብለው፣ እርምጃቸውን ዘርግተው ሄዱ።

«እንዲህ ነበር» አሉ። «መሬት መሬቱን አያይም ነበር።»

ልጄ ሳትጠራ ተነሥታ ከኋላቸው ሄደች።

ወደ ልምምዱ ክፍል የሚያመላልሷት እሳቸው ሆኑ። ጊዜ ወሰደ፤ አንዳንድ ቀን እያለቀሰች ትመለስ ነበር። ዛሬ ከእኩዮቿ ጋር ትሮጣለች፤ ደረጃውንም ድጋፍ ሳትይዝ ትወጣለች። አማቴም ጎረቤት «ልጁ እንደ አባቱ ቁጡ ነው፣ ምን ይደረግ» ሲል ከሰሙ ዝም አይሉም፤ «ማን ሲቆጣ እያየ ነው ያደገው?» ብለው ይጠይቃሉ። በደም የተሰጠንን አመስግነን እንቀበላለን። ኖረን የለመድነውን ግን መርምረን፣ ለልጅ የሚበጀውን ማቆየት፣ የሚጎዳውን መተው በእጃችን ነው።

አሁን ኮሪደሩ ላይ የሚመጣው ኮቴ ለእኔ አዲስ ነው። አማቴ ግን ገና ከሩቅ ሲሰሙት ያውቁታል።